አንድ ኢሜጅ ለ40 ኮምፒውተር፦ መልቲካስትን በላብና በካምፓስ ኔትወርክ ላይ ማስነሳት

ሴሚስተር ሊከፈት ሲል ወይም የመውጫ ፈተና ሲቃረብ የላብ ባለሙያ ፋታ የለውም። 40 ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ይጫንበታል፤ ኦፊስ፣ ማትላብ፣ አውቶካድ ይከተላል፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚወጣው አራት አምስት ፍላሽ ይዞ ከወንበር ወንበር እየዞረ ነው። ሻል ያለው ኢሜጁን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ማሽኖቹ እንዲስቡት ያደርጋል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ሁለቱም ጊዜ ይበላሉ።

ሂሳቡን እንሥራው። 30 ጊጋባይት ኢሜጅ ለ40 ማሽን በየግሉ ሲላክ ከሰርቨሩ ኬብል የሚወጣው 1,200 ጊጋባይት ነው። በ1 ጊጋቢት መስመር፣ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ቢሄድ፣ 3 ሰዓት ይፈጃል። ሰርቨሩ የተሰካበት ስዊች የ100 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ 30 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሁዳችሁ አለቀ። በመልቲካስት ግን ሰርቨሩ ያንን 30 ጊጋባይት አንዴ ብቻ ይልካል፤ ለጠየቁት ፖርቶች የሚያባዛው ስዊቹ ነው። በዚያው የ1 ጊጋቢት መስመር መረጃው በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ በዚያ ፍጥነት መጻፍ ስለማይችል 15 ወይም 20 ደቂቃ በሉት።

ለቪዲዮም እንዲሁ ነው። የ4 ሜጋቢት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ለ200 ስክሪን በየግሉ ሲላክ 800 ሜጋቢት ይሆናል። በመልቲካስት 4 ሜጋቢት ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ መልቲካስት ስዊቹ ካርቶን ላይ ስለተጻፈ ብቻ አለመሥራቱ ነው። ሲበላሽ ሰው ሶፍትዌሩን ይወቅሳል፣ ሌላ ፕሮግራም ያወርዳል፣ ሰርቨሩን እንደገና ይጭናል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ስዊቹ ላይ ነው፤ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል የሄደ ሰው ቶሎ ይደርስበታል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ሥራው መልቲካስት የሚፈልግ መሆኑን አረጋግጡ

መልቲካስት የሚጠቅመው ብዙ ተቀባይ ያንኑ ነገር በዚያው ሰዓት ሲፈልግ ነው። ኢሜጅ መጫን፣ በአዳራሽና በክፍሎች የሚታይ የቀጥታ ቪዲዮ፣ በርካታ ጥበቃ በአንድ ጊዜ የሚያየው የካሜራ ምስል እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

የመውጫ ፈተናው ራሱ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጠው ይህ ፈተና ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ገጽ ይከፍታል፣ የራሱን መልስ ይቀበላል፤ ያ የግል ለግል ንግግር ስለሆነ መልቲካስት ምንም አያደርግለትም። ማሽኖቹን ለፈተናው ለማዘጋጀት ግን ከእሱ የተሻለ መንገድ የለም። ይህን ልዩነት ለአለቃችሁ ቀድማችሁ አስረዱ፤ «መልቲካስት ገባ ተብሎ ፈተናው ለምን ተንቀራፈፈ?» የሚል ጥያቄ እንዳይመጣባችሁ።

ኢንተርኔት ላይም አይሞከርም። የኢንተርኔት አቅራቢዎች የደንበኛን መልቲካስት ወደ ውጭ አያሳልፉም፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በግቢያችሁ ኔትወርክ ውስጥ ያበቃል። የስልክ ብራውዘርም የመልቲካስት ቪዲዮ አይከፍትም። ተማሪው በስልኩ እንዲያይ ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን ተራ የዌብ ስርጭት አዘጋጁለት።

ዋይፋይን ደግሞ ከአሁኑ እርሱት። አክሰስ ፖይንት መልቲካስትን የሚልከው ሁሉም ሊሰማው በሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይህ እስከ 1 ሜጋቢት ይወርዳል፣ በ5 ጊጋኸርዝ ብዙውን ጊዜ 6 ሜጋቢት ነው። የጠፋውን ፓኬትም መልሶ አይልክም። የ4 ሜጋቢት ቪዲዮ 1 ሜጋቢት ውስጥ አይገባም፤ ለመግባት ሲታገል የሌላውንም ተጠቃሚ ዋይፋይ ይዞ ይወድቃል። አንዳንድ አክሰስ ፖይንቶች መልቲካስቱን ለየተቀባዩ በግል ወደሚላክ ዩኒካስት የሚቀይር ምርጫ አላቸው። ለአምስት ስድስት ሰው ይሆናል፣ ለአዳራሽ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ስዊቾቹን አንድ በአንድ መዝግቡ

ደብተር ይዛችሁ ዙሩ። ለእያንዳንዱ ስዊች ብራንዱን፣ ሞዴሉን፣ ፍጥነቱን፣ በየትኛው ፖርት ወደ የትኛው ስዊች እንደሚሄድ፣ ዩፒኤስ እንዳለውና እንደሌለው ጻፉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፉ የአካባቢው ተቋማት ዕቃቸውን የተኩት በግዢም በእርዳታም፣ ባገኙት ጊዜ ነው። ስለዚህ የአንዱን ሬክ በር ስትከፍቱ ከላይ ሲስኮ፣ ከሥሩ ቲፒ-ሊንክ፣ ጥግ ላይ ማይክሮቲክ ቢገጥማችሁ አይግረማችሁ። ሁሉም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ግን ስዊቹ ማኔጅድ ነው ወይስ ተራ የሚለውን ማወቅ ግድ ነው።

ተራ ስዊች መልቲካስትን የሚያስተናግደው እንደ እድር ጥሩንባ ነው፦ አባል ላልሆነውም ቤት ይደርሳል። ወደ ሁሉም ፖርት ያወጣዋል፤ የማይፈልገው ማሽን ይጥለዋል። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ላቡ ለብቻው ከሆነና ሥራው ኢሜጅ መጫን ብቻ ከሆነ ተራ የጊጋቢት ስዊች በደንብ ያገለግላል፤ የምታዋቅሩት ነገር ስለሌለ እንዲያውም ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ወደ ግቢው የሚሄደውን አፕሊንክ ኬብል ንቀሉና ሥሩ። ንቀሉ ያልኩት ከልቤ ነው፤ ሳይነቀል ከቀረ የእናንተ 900 ሜጋቢት ጎርፍ ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ ይደርሳል።

ላቡ ከግቢው ጋር ተገናኝቶ መቆየት ካለበት ወይም ቪዲዮ ወደ ብዙ ሕንፃ የምትልኩ ከሆነ ግን ማኔጅድ ስዊች ያስፈልጋል። በጨረታ ሰነድ ላይ «ማኔጅድ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። «አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ከነኩዌሪየር» ብላችሁ ጻፉ (ሁለቱም ምን እንደሆኑ ደረጃ 4 ላይ ይመጣል)፤ ስኑፒንግ ያላቸው ግን ኩዌሪየር የሌላቸው ርካሽ ስዊቾች አሉና።

ደረጃ 3፦ ቪላንና አድራሻ መድቡ

መልቲካስት የሚሄድበትን ላብ ወይም የስክሪኖቹን ፖርቶች በራሳቸው ቪላን ለዩ። አክሰስ ፖይንት፣ ፕሪንተርና የቢሮ ስልክ በዚያ ቪላን ውስጥ አይግቡ።

አድራሻው ላይ ብዙ ሰው በግምት ይሄዳል። የመልቲካስት አድራሻ ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ነው፤ ለግቢ ውስጥ አገልግሎት የተተወው ግን በ239 የሚጀምረው ነው። ለደሴ 239.10.1.1 እያላችሁ፣ ለኮምቦልቻ 239.10.2.1 እያላችሁ ብትቀጥሉ አድራሻውን ያየ ሁሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ በ224.0.0 የሚጀምሩትን አትንኩ። እነሱ ራውተሮችና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ናቸው፤ ስዊች አያጣራቸውም፣ ራውተርም አያሳልፋቸውም። ሁለተኛው ስውር ነው። የመልቲካስት አይፒ ወደ ማክ አድራሻ ሲቀየር የአይፒው የመጨረሻ 23 ቢት ብቻ ይወሰዳል፤ በዚህ ምክንያት 32 የተለያዩ የአይፒ አድራሻዎች አንድ ማክ ይጋራሉ። 239.10.1.1 እና 239.138.1.1 ለብዙ ስዊች አንድ ናቸው፤ አንዱን የጠየቀ ሁለቱንም ይቀበላል። ከዚህ የሚከፋው በ239.0.0 ወይም በ239.128.0 የሚጀምረው ነው፦ ከነዚያ ከማይጣሩት ጋር ስለሚገጥም ስኑፒንግ ብታበሩም ጎርፉ አይቆምም። አዲስ ሰው ደግሞ ከ239.0.0.1 መጀመር ይወዳል።

ለእያንዳንዱ ስርጭት የተለየ አድራሻ ስጡ፣ በደብተሩ ላይም ጻፉት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ካሜራ የምትገጥሙ ከሆነ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል፤ አንድ አድራሻና አንድ ፖርት የያዙ ሁለት ካሜራዎች ስክሪኑ ላይ የተቆራረጠና የተቀላቀለ ምስል ነው የሚሰጧችሁ። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ስኑፒንግን አብሩ፣ ኩዌሪየር ሹሙ

መልቲካስት የሚፈልግ ኮምፒውተር «እኔን በዚህ ቡድን መዝግቡኝ» የሚል አጭር የአይጂኤምፒ መልእክት ይልካል። ስኑፒንግ የበራበት ስዊች ይህን መልእክት አድምጦ «ፖርት 7 ይህን ቡድን ይፈልጋል» ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ስርጭቱን ለፖርት 7 ብቻ ይሰጣል። ምዝገባው ግን ዘለዓለማዊ አይደለም። ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ስዊቹ ዝም ብሎ ሲልክ እንዳይኖር ምዝገባው ጊዜ አለው። ስለዚህ አንድ አካል በየጊዜው «አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ያ አካል ኩዌሪየር ይባላል። በተለመደው አሠራር በየ125 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ ምላሽ ያልሰጠ ደግሞ በ260 ሰከንድ ይሰረዛል።

አሁን ስኑፒንግ በርቶ ኩዌሪየር የሌለበትን ኔትወርክ ተመልከቱ። ቪዲዮውን ትለቃላችሁ፤ ሁሉም ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። አለቃ መጥቶ አይቶ «ጎሽ!» ብሎ ይሄዳል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ ሲሆን ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ሁሉም ላይ፣ በተመሳሳይ ጊዜ። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ስትከፍቱት እንደገና ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ስለተመዘገበ ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያው ነው። ይህን ምልክት ካያችሁ ሰርቨሩን አትንኩ፣ ኬብሉንም አትቀይሩ። ጠያቂ የለም ማለት ነው።

ቪላኑን የሚያዞር ራውተር መልቲካስት ካልበራለት በራሱ ኩዌሪየር አይሆንም፤ እናንተ ናችሁ የምትሾሙት። የምትመርጡት ስዊች መሐል ላይ ያለው፣ ዩፒኤስ ያለው፣ ሁሉም የሚያልፍበት ይሁን። ጥግ ላይ ያለውን ስዊች ብትሾሙትና መብራት ቢሄድበት ቀሪው ግቢ መብራት እያለው ስርጭቱ ይቋረጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

በማዕከላዊው ስዊች ላይ ለዚያ ቪላን አይፒ አድራሻ ስጡ። አድራሻ የሌለው ኩዌሪየር ከ0.0.0.0 ነው የሚጠይቀው፤ አንዳንድ ዕቃ ይህን ችላ ይላል። ከዚያ በዚያው ቪላን ላይ ስኑፒንጉንም ኩዌሪየሩንም አብሩ። በሌሎቹ ስዊቾች ላይ ስኑፒንግ ብቻ ይብራ። ማይክሮቲክ ላይ ሁለቱም ብሪጁ ውስጥ ናቸው፤ በሲስኮ ካታሊስት 2960 ላይ ስኑፒንግ ከፋብሪካ በርቶ ይመጣል፣ ኩዌሪየሩ ግን ጠፍቶ ነው። የአራት ደቂቃው በሽታ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

መጠባበቂያ ከፈለጋችሁ ሌላ ስዊች ላይም ማብራት ትችላላችሁ፤ ሁለት ኩዌሪየር ሲገናኙ ዝቅተኛ አይፒ ያለው ያሸንፋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ለዋናው ዝቅተኛውን ቁጥር ስጡት፤ ለምሳሌ ዋናው 10.20.30.2፣ ምትኩ 10.20.30.3።

አሮጌና አዲስ ስዊች ከተደባለቀ የአይጂኤምፒን ዕትም ኩዌሪየሩ ላይ ወደ 2 ዝቅ አድርጉት። ዊንዶውስ ከፋብሪካ 3 ይናገራል፤ ኩዌሪየሩ በ2 ሲጠይቀው ግን እሱም በ2 ይመልሳል። 3ን የማይረዳ አሮጌ ስዊች በዚህ ይድናል።

ደረጃ 5፦ በሁለት ላፕቶፕ ሞክሩ

ሙሉ ላቡን አስነስታችሁ አትሞክሩ። አንድ ላኪ፣ አንድ ተቀባይ፣ በአንድ ስዊች ላይ። ቪኤልሲ በቂ ነው፤ ከላኪው አንድ ቪዲዮ ወደ 239.10.1.1 ፖርት 5004 ልቀቁ፣ ተቀባዩ ላይ ያንኑ አድራሻ ክፈቱ። ከሠራ ተቀባዩን ወደ ሁለተኛው ስዊች ውሰዱት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሕንፃ። በእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። ለምን ስድስት እንደሆነ ከደረጃ 4 ታውቃላችሁ።

በቁጥር መለካት የሚፈልግ አይፐርፍን ይጠቀም፤ ግን ዕትም 2ን። አይፐርፍ 3 መልቲካስት አይሠራም፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 20 ሜጋቢት ልካችሁ የሚጠፋው ፓኬት ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። መልቲካስት በዩዲፒ ስለሚሄድ የጠፋ ፓኬት አይተካም፤ 1 በመቶ እንኳ ቢጠፋ ምስሉ ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ታያላችሁ።

ከመጀመሪያውም ምንም ካልመጣ እነዚህን ተመልከቱ። የተቀባዩን ዋይፋይ አጥፉ፤ ላፕቶፑ ኬብልም ዋይፋይም ካለው ምዝገባውን በተሳሳተው በኩል ሊልክ ይችላል። ቨርቹዋልቦክስ ወይም ቪኤምዌር የተጫነበት ማሽንም እንዲሁ ነው፤ በሌለ የኔትወርክ ካርድ በኩል ይመዘገብና ዝም ይላል። ቀጥሎ የዊንዶውስ ፋየርዎል ለቪኤልሲ መፍቀዱን አረጋግጡ። መጨረሻ ላይ የስዊቹን ስቶርም ኮንትሮል እዩ፤ መልቲካስትን ከተወሰነ ልክ በላይ እንዲቆርጥ ተደርጎ ከሆነ ቪዲዮው ይሠራል፣ ኢሜጁ ግን መሐል ላይ ይታነቃል።

ደረጃ 6፦ ኢሜጁን ጫኑ

ለዚህ ሥራ ክሎንዚላን እመርጣለሁ፤ ነፃ ነው፣ ከፍላሽ ይነሳል፣ «ላይት ሰርቨር» የሚለው ክፍሉ ተራ ላፕቶፕን የመልቲካስት ሰርቨር ያደርጋል።

ዋናውን ማሽን በጥንቃቄ አዘጋጁ። ፕሮግራሞቹን ጫኑ፣ ዝመናውን ጨርሱ፣ ፋስት ስታርትአፕንና ሃይበርኔሽንን አጥፉ። እነሱ በርተው ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩ ያልተዘጋ ሆኖ ይቀራል፤ ክሎንዚላም አልቀዳም ብሎ ያቆማል። ቢትሎከር በርቶ ከሆነ አጥፉት። በመጨረሻ ሲስፕሬፕ አስኬዱና ዝጉት፤ ካልሆነ 40 ማሽን በአንድ ስምና መለያ ይነሳና እርስ በርስ ይጋጫል። ከዚያ ኢሜጁን ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅዱት። ዋናው ማሽን ዲስኩ ትንሽ የሆነው ይሁን፤ ከ500 ጊጋባይት ዲስክ የተቀዳ ኢሜጅ 256 ጊጋባይት ላይ በቀላሉ አይወርድም፣ ተቃራኒው ግን ችግር የለውም።

ሰርቨሩን ስታስነሱ ስለ ዲኤችሲፒ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። አፕሊንኩ የተነቀለ ላብ ከሆነ የራሱን ዲኤችሲፒ ይጀምር። ላቡ ከግቢው ጋር የተገናኘ ከሆነ ግን ያለውን እንዲጠቀም ምረጡ። ተሳስታችሁ ሁለተኛ ዲኤችሲፒ ግቢው ላይ ብትለቁ ቢሮዎቹ የእናንተን አድራሻ እየወሰዱ ከኢንተርኔት ይቋረጣሉ፤ ስልኩም እናንተው ጋ ይጮኻል።

ቀጥሎ መልቲካስትን ምረጡ፣ ከዚያም የመጠበቂያውን ዓይነት። የማሽን ቁጥር ብቻ ከሰጣችሁት፣ 40 ብላችሁ 39 ቢነሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቁጥርና ጊዜ አንድ ላይ ስጡት፤ 40 ማሽን ሲሞላ ወይም 10 ደቂቃ ሲያልፍ፣ ቀድሞ በመጣው ይጀምር።

ማሽኖቹን በኔትወርክ ቡት አስነሷቸው። «አይፒ አላገኘሁም» ብለው ከተመለሱ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስፓኒንግ ትሪ ነው፤ ስዊቹ አዲስ የተነሳ ፖርትን እስኪከፍት 30 ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ማሽኑ ደግሞ እስከዚያ ተስፋ ቆርጧል። የላብ ፖርቶችን ፖርትፋስት አድርጉ፤ በሌላ ብራንድ «ኤጅ ፖርት» ይለዋል። ወደ ሌላ ስዊች የሚሄደውን ፖርት ግን እንዳታደርጉት።

በመጀመሪያ ሦስት ማሽን ብቻ ጫኑና አስነስታችሁ እዩ፤ ከዚያ ቀሪውን።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ ሁሉም የሚሄደው በደካማው ማሽን ፍጥነት ነው። ከተራ የቪዲዮ ስርጭት በተለየ ክሎንዚላ ፓኬት የጠፋበትን ይጠብቃል፣ መልሶም ይልክለታል፤ ስለዚህ አንድ ማሽን ሲጎተት 39ኙ አብረው ይጎተታሉ። ግምቱ 20 ደቂቃ የነበረው ሥራ 3 ሰዓት ካለ ሁሉንም አታቁሙ፤ ጥፋተኛውን ፈልጉ። የስዊቹን የፖርት ዝርዝር ክፈቱና በ100 ሜጋቢት የተያያዘውን እዩ። ጊጋቢት አራቱንም የኬብል ጥንድ ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ይሠራል፤ ስለዚህ አንዲት ሽቦ የተበጠሰችበት ኬብል «ይሠራል» እየተባለ ዓመት ይቆያል፣ የሚያጋልጠው መልቲካስት ነው። ኬብሉን ቀይሩ፣ ወይም ማሽኑን ንቀሉና በኋላ ለብቻው ጫኑት። ኬብሉ ደህና ከሆነ ዲስኩን ተጠራጠሩ።

መብራት ደግሞ አለ። መሐል ላይ ቢሄድ ኢሜጁ ሰርቨሩ ላይ ደህና ነው፣ ማሽኖቹ ግን በግማሽ ተጽፈው ይቀራሉ፤ እንደገና መጀመር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንዳለው ጥበቃውን ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ከቪላን ወደ ቪላን ማሻገር

ኢሜጅ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ይህን ዝለሉት። ቪዲዮን ወደ ተለያዩ ሕንፃዎች ቪላኖች ለማድረስ ግን መልቲካስትን የሚያዞር ላየር 3 ስዊች ወይም ራውተር ያስፈልጋል። እንደ 2960 ያለው ስዊች ይህን አይችልም። በሚችለው ላይ የመልቲካስት ራውቲንግን አብሩ፣ በላኪውም በተቀባዩም ቪላን ላይ ፒም ስፓርስ ሞድን አብሩ፣ አንዱን ራውተር መገናኛ ነጥብ አድርጉ። ፒም የበራበት ራውተር ኩዌሪየርም ይሆናል፤ የእሱ አይፒ ዝቅተኛው ከሆነ ስዊቹ ላይ ያበራችሁት እንደ ምትክ ይቀመጣል። ትንሽ ኔትወርክ ከሆነና ላኪው አንድ ከሆነ ማይክሮቲክ ላይ ያለው አይጂኤምፒ ፕሮክሲ ይበቃል።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚገጥመው ስህተት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቲቲኤል ነው። ኮምፒውተር መልቲካስት ሲልክ ከፋብሪካ ቲቲኤሉ 1 ነው፤ የመጀመሪያው ራውተር ላይ ይሞታል። በዚያው ቪላን ሠርቶ ሌላው ቪላን ላይ ካልመጣ፣ ፒሙን ከማፍረሳችሁ በፊት ላኪው ፕሮግራም ላይ ቲቲኤሉን 16 አድርጉት።

ደረጃ 8፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

በደሴ አዳራሽ የሚካሄድ ሴሚናርን ኮምቦልቻ ላሉት ለማሳየት፣ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተማ ካምፓስ ላለው ተቋም ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሁለቱ ራውተሮች መካከል የጂአርኢ ዋሻ ዘርግቶ ፒምን በውስጡ ማሳለፍ ነው። ይሠራል። ግን ራውተሩ ወደ ላኪው የሚያውቀው መንገድ በዚያው ዋሻ በኩል ካልሆነ የመልቲካስት ፓኬቱን ይጥለዋል፤ ይህን ለማስተካከል የራውቲንግ ሰንጠረዡን መነካካት አለባችሁ፣ ስትሳሳቱም የሁለቱ ካምፓስ ግንኙነት አብሮ ይሄዳል። ዝግጅቱ በሁለት ሰዓት ሊጀመር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በመኪና የሚያስወጣ ሥራ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው፦ በመሐል አንድ ቅጂ በዩኒካስት ላኩ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ እዚያው መልቲካስት አድርጉት። በመስመሩ ላይ የሚሄደው 4 ሜጋቢት ብቻ ነው፣ ኮምቦልቻ የሚያየው ሰው 10 ይሁን 500።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ደሴ ላይ ካሜራውን የያዘ ኦቢኤስ የተጫነበት ኮምፒውተር፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚቀበልና መልሶ የሚለቅ አንድ ኮምፒውተር፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የተጫነበት፣ ከስክሪኖቹ ቪላን ጋር በኬብል የተያያዘ። ከኦቢኤስ በኤስአርቲ ላኩ። ኤስአርቲ የጠፋውን ፓኬት መልሶ ይጠይቃል፣ ለዚያም የመጠበቂያ ጊዜ ትሰጡታላችሁ። ልማዱ የደርሶ መልስ ጊዜውን 4 እጥፍ መስጠት ነው፤ ፒንግ 30 ሚሊሰከንድ ካለ 120። መስመሩ የሚዋዥቅ ከሆነ 1,000 ስጡት፤ አዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች አንድ ሰከንድ መዘግየቱን አያውቅም፣ ምስሉ ሲቆራረጥ ግን ያውቃል። ሁለቱም ጎን ከናት ጀርባ ከሆኑ መጀመሪያ በቪፒኤን አገናኟቸው፤ ከሁለቱ አንዱ በአድራሻው ሊደረስ የሚችል መሆን አለበት።

ኮምቦልቻ ያለው ኮምፒውተር የተቀበለውን ወደ 239.10.2.1 ይለቃል። ቪዲዮውን እንደገና ኢንኮድ አታድርጉት፤ እንዳለ ይለፍ፣ ፕሮሰሰሩም አይጨነቅም። ይህ ኮምፒውተር ሁለት የኔትወርክ ካርድ ካለው መልቲካስቱ በየትኛው እንደሚወጣ በግልጽ ንገሩት። ካልነገራችሁት ከደሴ በመጣበት መስመር መልሶ ሊልከው ይችላል።

ሙከራውን ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀድማችሁ፣ ዝግጅቱ በሚካሄድበት ሰዓት አድርጉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚበቃ መስመር ቢሮ ሁሉ በገባበት በ4 ሰዓት ላይበቃ ይችላል። ካልበቃ ቪዲዮውን ወደ 2 ሜጋቢት ዝቅ አድርጉት።

ሁሉም ሲሠራ በእያንዳንዱ ስዊች ላይ ኮንፊጉን ሴቭ አድርጉ፤ ካላደረጋችሁ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስኑፒንጉ በነበረበት ይነሳል፣ ኩዌሪየሩ ግን አይኖርም። ቅጂውን ወደ ፍላሽ አውጡ፤ የኩዌሪየሩን አይፒ፣ የቪላኑን ቁጥርና የተሰጡትን የ239 አድራሻዎች በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ የሬኩ በር ውስጥ ለጥፉ።